ከንቡ ሥር የቀረው ምንሽር

የጋሽ ቱሉን መሞት የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ከመካኒሳ ወደ ሳር ቤት ስሄድ ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ ዞር ብለው አዩኝና፣ «አንተ የድሮው የቀበሌ ጸሐፊ አይደለህም?» አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። «ጋሽ ቱሉ አረፉ እኮ፤ ትናንት አቦ ቀበርናቸው። ዕድሜ ጠግበው ነው፣ አያስለቅስም» አሉና ረዳቱ ሒሳብ ሲጠይቃቸው ወደ ቦርሳቸው ዞሩ።

ማታ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱ ነበሩ፤ ንፍሮ የሚቆረጥሙም ነበሩ። ስለ ሟቹ ሲወራ ዝምተኛ ነበሩ ተባለ፣ ሰው አያስቀይሙም ነበር ተባለ፣ ኮርቻ አጠጋገናቸው ይደነቅ ነበር ተባለ። እኔም አንገቴን እየነቀነቅኩ አዳመጥኩ። የማውቀውን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ንፍሮ ሲያቀብለኝ በዚያው ዘጋሁት። ነገሩን ከሚያውቁት ሦስት ሰዎች የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሀብቴ ዘመቻ ሄዶ አልተመለሰም፤ ጋሽ ቱሉ ደግሞ ይኸው አለፉ። ስለዚህ አሁን ብናገር ከራሴ በቀር የሚያፍር የለም።

ጋሽ ቱሉ መካኒሳ አቦ አጠገብ አንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ነበረቻቸው። በደርግ ጊዜ እዚያ ሰፈር ጋሪ ብዙ ነበር፤ ከለቡና ከፉሪ በኩል በቅሎ እየጫነ የሚመጣ ገበሬም አይጠፋም። የሁሉንም ኮርቻ፣ ልጓምና መጫኛ የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ገና ከበሩ ጀምሮ የፈረስ ላብ ይሸታል። እሳቸውም ያንኑ ይሸታሉ። ሰው ሲቀልድባቸው፣ «እኔን የሚፈልግ ጨለማም ቢሆን አይጠፋበትም» ይሉ ነበር።

ከኮርቻው በፊት ግን አዳኝ ነበሩ። በንጉሡ ዘመን የአንድ ባላባት ፋና መሪ ሆነው ቆላ ለቆላ ዞረዋል፤ የቆሰለ አውሬ በደሙ ተከትለው የወደቀበትን የሚያገኙት እሳቸው ነበሩ። ባላባቱ የሸለማቸው አንድ አሮጌ ጠመንጃ ነበረቻቸው። የደርግ የመሣሪያ አሰሳ የመጣ ጊዜ ከአልጋቸው ሥር ጎትቶ ያወጣት ሀብቴ ነው። ሀብቴ የሰፈራችን አብዮት ጥበቃ ነበር፤ እኔ መዝገብ ይዤ ከኋላው ቆሜያለሁ። ጋሽ ቱሉ አልተቆጡም። ሀብቴ ጠመንጃዋን ይዞ ሊወጣ ሲል፣ «ቆይ እስቲ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡና ትንሽ የዘይት ቆርቆሮ ይዘው ተመለሱ። «ይቺንም ውሰድ። በሳምንት አንዴ ካልቀቧት ትዝጋለች» አሉት። ሀብቴ ቆርቆሮዋን ተቀበለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሀብቴ ከእሳቸው ቤት አልጠፋ አለ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ጠመንጃ ማንገት ይወዳል፣ ሴቶች ሲያዩት ደረቱን ይነፋል፤ ጥፋቱ ከዚህ ብዙም አያልፍም። ተረኛ ያልሆነ ቀን እዚያች ክፍል ኮርቻ ላይ ተቀምጦ የአደን ወሬ ያስወራቸዋል። እኔም ቤቴ አንድ አጥር ስለሚለየን አብሬ አዳምጥ ነበር።

የጋሽ ቱሉ የአደን ወሬ ሰው እንደሚጠብቀው አልነበረም። አንበሳ አገሳ፣ ጎሽ ወጋኝ የለበትም። ወሬያቸው ሁሉ አውሬው ከወደቀ በኋላ ስላለው ነው። «መግደልማ ማንም ይገድላል» ይላሉ። «ጣጣው የወደቀውን ማንሳት ነው። አውሬ ሲወድቅ መጀመሪያ ዝንብ ይደርሳል፤ ቀጥሎ ተርብ ይደርሳል፤ ሰው ሦስተኛ ነው። ሦስተኛ የመጣ ደግሞ አይጋፋም።» እንደ እሳቸው አባባል አዳኝ ከወደቀ አውሬ ሃያ እርምጃ ሲቀረው ይቆማል። ቆሞ ያዳምጣል፤ ቁጥቋጦው ውስጥ የተርብ ቤት ይኑር፣ ዛፉ ላይ ንብ ይኑር ያያል። «የሞተ አይሸሽ፣ ምን ያስቸኩላል?» ይሉ ነበር።

ይህ ወሬ ብቻ እንዳልሆነ ያየሁት በፋሲካ ቅርጫ ላይ ነው። በሬው ታርዶ ገና ሲገፈፍ ተርብ መጣ፤ ደሙም ሥጋውም ላይ ወረደ። አንደኛውን ገፋፊ የዓይኑን ቆብ ነደፈውና ቢላውን ጥሎ እየጮኸ ሮጠ። ሰዉ ነጠላ ማራገብ ጀመረ፤ ተርቡ ባሰበት። ጋሽ ቱሉ ተነሡና ከሳንባው አንድ ቁራጭ ቆርጠው፣ ደም ነክረው፣ ራቅ ብሎ አጥሩ ላይ ሰቀሉት። «አታራግቡ፣ እጃችሁን ሰብስቡ» አሉ። ጥቂት ቆይቶ ተርቡ ሁሉ ወደ ሳንባው ሄደ። «ድርሻቸው ነው። ድርሻውን ያገኘ ሰው አይነካም» ብለው ተቀመጡ። አንዱ ካድሬ ቢጤ፣ «ጋሽ ቱሉ ተርቡን በማኅበር አደራጁት!» አለና ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ የማን ቤት ጣሪያ ላይ ንብ ቢሰፍር፣ የማንን ልጅ ንብ ወይ ተርብ ቢነድፍ የሚጠሩት እሳቸው ሆኑ። እናቶች የንብ መውጊያ በጥፍራቸው ቆንጥጠው ሊነቅሉ ሲሉ ጋሽ ቱሉ እጃቸውን ይይዛሉ። «ስትቆነጥጪው መርዙን ትጨምቂበታለሽ። በቢላ ጀርባ ፋቂው» ይላሉ። ዘመድ አልነበራቸውም፤ ሚስትም ልጅም አላፈሩም። ሰፈሩ ውስጥ ሰው ያደረጋቸው ይህ ዕውቀታቸው ነው። ሲጠሩ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀስ ብለው፣ ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር።

የሀብቴ ልብ ግን ሌላ ቦታ ላይ ነበር። ጋሽ ቱሉ አንድ ቀን ሲያጫውቱት፣ በእነሱ ወግ ግዳይ የጣለ ሰው የአውሬውን ጅራት በገዛ እጁ ካልቆረጠ ገዳይ እንደማይባል ነግረውታል። ይቺን ይዞ ቀረ። «አንድ ድኩላ ብቻ፣ ጋሼ፤ ጅራቷን ይዤ ልምጣ እንጂ ሌላ አልልም» እያለ ነዘነዛቸው። ያኔ ለቡ ገብስ የሚዘራበት ገጠር ነበር፤ ከበታቹ ባለው ገደል ውስጥ ድኩላ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ሁለት ጊዜ እምቢ አሉት። ሦስተኛ ጊዜ ሀብቴ ይዞት የመጣውን የጥበቃ ምንሽር አንስተው ዓይናቸው ላይ አስጠግተው አነጣጠሩ፤ ከዚያ ዝቅ አደረጉትና «በየትኛው ቀን?» አሉ። ናፍቋቸው ነበር፤ ፊታቸው ላይ አይቼዋለሁ።

እሑድ ከምሳ በፊት ሦስታችንም ወጣን። እኔ ምን ልሠራ እንደሄድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ወሬ ወዳድነት ነው። ምንሽሩ የቀበሌው ነው። ሀብቴ ሌሊት ተረኛ ስለነበረ ቀን ከእሱ ጋር ውሎ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግምጃ ቤት መልሶ ማስረከብ አለበት። ያልተመዘገቡ ሁለት ጥይቶች ከየት እንዳገኘ አልጠየቅነውም። በዚያ ዘመን መሣሪያ ጠፋብኝ ያለ አብዮት ጥበቃ ለፀረ አብዮተኞች አስተላልፈሃል ነው የሚባለው፤ እንዲህ የተባለ ሰው ደግሞ በማግስቱ አይገኝም ነበር። ይህን ሦስታችንም እናውቃለን፤ ሦስታችንም ግን ድኩላ ነበር የታየን።

ጋሽ ቱሉ ገደሉ ውስጥ ወጣት ሆኑ። ጎንበስ ብለው ሲሄዱ እግራቸው ድምፅ አልነበረውም። ድኩላውን እሳቸው አሳዩት፣ ሀብቴ ተኮሰ፣ ድኩላው ዘለለና ጠፋ። ቅጠል ላይ የተንጠባጠበ ደም እየተከተልን ወደ ታች ወረድን። አንድ ያረጀ ወይራ ሥር፣ አጋሙ ውስጥ፣ ወድቆ አገኘነው። ጋሽ ቱሉ እንደ ልማዳቸው ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀር ቆሙና እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«ቁም! ስማ!» አሉ።

ሀብቴ አልሰማም። ቢላውን ለመምዘዝ ሁለት እጁን ስለፈለገ ምንሽሩን ወይራው ላይ አስደግፎ ጅራቱን ያዘ። ድኩላው ጨርሶ አልሞተም ነበር። ጅራቱ ሲያዝ ተወራጨ፤ በኋላ እግሮቹ የዛፉን ግንድ መታው፤ ምንሽሩም ወደቀ፣ ድኩላውም ተገላብጦ ማንገቻው ላይ ተኛበትና ሞተ። ወይራው ውስጡ ክፍት ነበር። ከዚያ ክፍተት የወጣውን ንብ በቃል ልነግራችሁ አልችልም፤ ጭስ መስሎኝ ነበር። ሀብቴ እጁን እያወናጨፈ በአጠገባችን አልፎ ሮጠ። እኛም ተከተልነው።

ጅረቱ ጋ ስንደርስ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ምንሽሩ!» አለ። ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ባዶ ትከሻውን ያየነው።

ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ተኩል ነው። እስከ ቀበሌ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።

«እሳት አንድደን እናጭስባቸው» አልኩ።

«ሣሩ ደረቅ ነው። ገደሉ በሙሉ ይነዳል» አሉ ጋሽ ቱሉ። «ጭሱን ሲያዩ ደግሞ ገበሬ ማኅበሮቹ ይመጣሉ። ጀንበር ስትጠልቅ ግን ይረጋሉ። ያኔ ሄደን እንወስዳለን።»

«ጀንበር ስትጠልቅ እኔ የለሁም፣ ጋሼ» አለ ሀብቴ። አላለቀሰም፤ ድምፁ ግን የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። «ይረሽኑኛል። እናቴን ምን ይሏታል?»

ጋሽ ቱሉ አዩት። ከዚያ ልብሳቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

እኔ ካፖርቴን ላለብሳቸው እያወለቅኩ ነበር። «ተው» አሉኝ። «ልብስ ውስጥ የገባች ንብ መውጫ የላትም፤ ስለዚህ ትናደፋለች። ደግሞ የእኔ ልብስ ፈረስ ፈረስ ይላል። ንብ የፈረስ ላብ ከሸተታት ማንንም አትምርም።» ከሦስታችን ለዚያ ሥራ የማይሆኑት እሳቸው ነበሩ፤ የሚያውቁበትም እሳቸው ብቻ ነበሩ። በቁምጣ ብቻ ቀሩና ጅረቱ ውስጥ ገቡ። ገላቸውን በአሸዋ ፈተጉ፤ በጣም ፈተጉ፤ ቆዳቸው ላይ ለሠላሳ ዓመት የሰረገውን ሽታ ሊያወጡ ይመስል። ከዚያ ጭቃ ተቀቡ፤ ፊታቸውንም፣ ጆሯቸውንም። ስስ ገላ ነበራቸው፣ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል።

«ማናችሁም እንዳትከተሉኝ። ስመለስም አትጠጉኝ» ብለው ሄዱ።

ከጅረቱ ማዶ ሆነን አየናቸው። አረማመዳቸው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው ነበር። ንቡ ሲሰፍርባቸው ይቆማሉ፣ ትንሽ ጠብቀው ይራመዳሉ። ድኩላው ጋ ደርሰው ተንበረከኩ። ምንሽሩን ጎትተው የሚወጡ መስሎን ነበር፤ ማንገቻው ግን ከድኩላው ሥር ነው፤ ድኩላውን ቢያንቀሳቅሱት ደግሞ ያ ሁሉ ንብ እንደገና ይነሣል። ቢላ ይዘዋል፤ ማንገቻውን መቁረጥ ይችሉ ነበር። ግን ማንገቻ የሌለው ምንሽር ሲመለስ ግምጃ ቤቱ የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ዘለበቱን በጣታቸው መፍታት ያዙ። ጭቃው ከፊታቸው ላይ መድረቅና መርገፍ ጀምሮ ነበር። እጃቸው ንብ ለብሶ ጥቁር ሆኗል፤ ጣታቸው ግን አልተቻኮለም። አንደኛውን ዘለበት ፈቱ። ሁለተኛውን ፈቱ። ከዚያ ማንገቻውን ከሬሳው ሥር ቀስ እያሉ፣ እንደ ክር፣ ሳቡት። ሀብቴ አጠገቤ ከንፈሩን ነክሶ ደም አውጥቷል።

ሲመለሱም አልሮጡም። ወደ እኛ አልመጡም፤ ንቡን እንዳያመጡብን ዞረው በታች በኩል ጅረቱ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፣ ራሳቸውንም ደፈቁ። ምንሽሩን ብቻ ከውኃው በላይ ይዘውት ነበር።

አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ሀብቴ እግራቸው ላይ ወድቆ ተነሣና ምንሽሩን አንግቶ ሮጠ። እኔ መውጊያውን በቢላ ጀርባ ስፍቅ ቀረሁ። መቶ ስደርስ መቁጠር ተውኩ። ዓይናቸው እየተዘጋ ነበር። «ድኩላው እንዲያው ሜዳ ላይ ቀረ» አሉኝ። «አሳፈረኝ።»

ሀብቴ በሰዓቱ ደረሰ። ነገሩ ያለቀ መሰለን።

በማግስቱ ጠዋት ግን የለቡ ገበሬ ማኅበር፣ እሑድ ገደሉ ውስጥ ጥይት ተተኩሷል፣ ወይራው ሥርም ደም አለ ብሎ ቀበሌ ድረስ መጣ። ድኩላውን ሌሊት ጅብ ጎትቶት ነበር። የሰው ደም ይሁን የአውሬ ማን ያውቃል? የቀበሌው ሊቀመንበር በዚያ ሰሞን ጥይት የተባለ ነገር ሲሰሙ እንቅልፍ አያውቁም። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ፊቱ ያበጠ ሰው ሰፈሩ ውስጥ አንድ ብቻ ስለነበረ ጋሽ ቱሉን አምጥተው መሐል አቆሟቸው። ሀብቴም ማጅራቱንና ጆሮውን ተነድፎ ነበር፤ ጥርሴን አሞኛል ብሎ ጉንጩን በሻርፕ ጠቅልሎ በሩ ላይ ቆሟል። ያው ምንሽር ትከሻው ላይ ነው። እኔ ቃለ ጉባኤ እጽፋለሁ።

«ገደሉ ውስጥ ምን ሲያደርጉ ነበር?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ማር ልቆርጥ ሄጄ ነው።»

«የማኅበሩን ማር? ሌባ ነኝ ነው የሚሉት?»

«አዎ።»

«ማን ተኮሰ?»

«አልሰማሁም። ጆሮዬ ውስጥ ንብ ነበር።»

ሊቀመንበሩ ሞኝ አልነበሩም። ቀረብ ብለው ያበጠ ፊታቸውን አዩ። «እርስዎ ንብ አዋቂ ነዎት፤ ሰፈሩ በሙሉ ይመሰክራል። ማር ሊቆርጥ የሄደ አዋቂ እንዲህ አይነደፍም። የተነደፉት ሌላ ሥራ ሲሠሩ ነው፤ ብቻዎን አልነበሩም። ከማን ጋር ነበሩ? መሣሪያው የማን ነው?»

ብዕሬ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ወደ በሩ ላለማየት ታገልኩ።

«አዋቂ አይደለሁም» አሉ ጋሽ ቱሉ።

«ምን አሉ?»

«ንብ አላውቅም። ሰው ሲያወራ የሰማሁትን ነው የማወራው። አዋቂ ሲሉኝ ደስ ስላለኝ ዝም አልኩ።» ከንፈራቸው ስላበጠ ቃሉ ተጎተተ። «አዳኝም አልነበርኩም። ጌታዬ ዘንድ በቅሎ ጠባቂ ነበርኩ። አደን ሲሄዱ እኔ ሰፈር እቀር ነበር።»

መጀመሪያ አንዲት ሴት ሳቀች። ከኋላ አንዱ፣ «ለካ የበቅሎው ሽታ ከዚያ ነው!» አለና አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ልጆቻቸውን ያዳኑላቸው እናቶችም ሳቁ። ሀብቴም ሳቀ። ሻርፑን በእጁ ደግፎ ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ ባይስቅ ያዩት ነበር። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ፈገግ አሉና ነገሩ በዚያ ቀዘቀዘ። የሁለት ወር እስር ተፈረደባቸው፤ ቀን ቀን መንገድ ይጠርጋሉ። ከእስር ከወጡ በኋላም ማንም ለንብ ጠርቷቸው አያውቅም።

ያን ዕለት ስብሰባው ሳይበተን ሊቀመንበሩ ቃላቸውን እንዳነብ አዘዙኝ፤ አነበብኩ። «ንብ አላውቅም። አዳኝ አልነበርኩም። በቅሎ ጠባቂ ነበርኩ።» ጋሽ ቱሉ ትክክል ነው አሉ። ፊርማ ስለማያውቁ አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለሙ ላይ አስነካሁት። ጣታቸው አብጦ ቆዳው ስለተወጠረ አሻራ አልወጣ አለ፤ ጥቁር ክብ ነገር ብቻ ታተመ። ሁለተኛ ሞከርኩ፣ ሦስተኛም ሞከርኩ። እንደሚያማቸው አውቃለሁ፤ ሊቀመንበሩ እያዩኝ ስለነበረ ግን ጠበቅ አድርጌ ጫንኩት።

ጋሽ ቱሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አመኑ?» አሉኝ።

«አመኑ፣ ጋሼ።»

«በል፣ ልጁ ተረፈ» አሉ። እኔ ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።